ዘፈኑን እረሙልን

የከተማችን ስም ወረታ ነው። ወረታ ማለት ውለታ ነው፤ ለዋለልህ ሰው የምትመልሰው። እኔ 68 ዓመት ሙሉ ከእሷ አልተለየሁም፤ እሷ የምትመልስልኝ ወረታ ግን ይኸውላችሁ። ገና ጎሕ ሲቀድ አንድ ባጃጅ በደጄ ያልፋል። ከሆዱ ውስጥ አንዳች ነገር ድም ድም ይላል፤ የጣሪያዬ ቆርቆሮ ይቀበለዋል፤ ግድግዳው ላይ የሰቀልኩት የሟች ወንድሜ ፎቶ ወደ ግራ ያዘነብላል። ተነሥቼ አቃናዋለሁ። ባጃጁ ዞሮ ይመጣል፤ ወንድሜም እንደገና ያዘነብላል። በሕይወት ዘመኑ ሠርግ ላይ እንኳ ትከሻውን አነቃንቆ የማያውቀውን ሰው ሞቶ እስክስታ አስጀመሩት።

የቦታችንም አቀማመጥ አልረዳንም። ከባሕር ዳር የሚመጣው መንገድ እኛ ዘንድ ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ አዲስ ዘመንና ጎንደር፣ ሌላው ወደ ደብረ ታቦርና ወልድያ። የሁለቱም መንገድ ዘፈን እኛ ላይ ይራገፋል። ደረቅ ወደብ ሲሠራልን የሚራገፈው ኮንቴይነር ብቻ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ኢንተርኔት በተቋረጠባቸው ወራትም ቢያንስ ጆሮዬ ያርፋል ብዬ ነበር። ምኑን! ልጆቹ ዘፈኑን በፍላሽና በብሉቱዝ፣ ከስልክ ወደ ስልክ፣ እንደ ወንፈል ተራ ገብተው አዳረሱት። ለእርሻ ያጡትን ወንፈል ለዘፈን አገኙት።

ዘፋኙ የሚለውን ብሰማው እኮ ባልከፋኝ። ድምፁን በማሽን እያሹ ነው የሚያወጡት አሉ፤ አውቶቲዩን ይሉታል። እኔ የፎገራ ሰው ነኝ። ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ሲያጥለቀልቁት በሩዙ ማሳ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ የሚንጫጫውን እንቁራሪት እየሰማሁ ነው ያረጀሁት። አውቶቲዩን ለእኔ አዲስ አይደለም። ልዩነቱ እንቁራሪቱ ውኃው ሲጎድል ዝም ማለቱ ነው።

ነገሩ እድር ፊት የቀረበው ባለፈው ኅዳር ነው። ለቅሶ ላይ ተቀምጠን፣ ድንኳኑ ጭር ብሎ፣ አንድ ባጃጅ ያንን ጭፈራውን እየለቀቀ በድንኳኑ ደጃፍ አለፈ። ሕዝቡ ተቆጣ። እኔም ተቆጣሁ፤ ግን ከለቀስተኞቹ አንዷ፣ ማን እንደሆነች አልናገርም፣ ትከሻዋ ትንሽ ሸተት ሲል በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። በወሩ የእድር ስብሰባ ተወሰነ፦ ልጆቻችንን የሚያበላሽ ዘፈን በሠፈራችን ያሰማ ሰው በየዘፈኑ 50 ብር ይቀጣል። ከኋላ አንድ ጎረምሳ እጁን አውጥቶ "የሚያበላሸው የትኛው ነው?" ሲል ቤቱ ዝም አለ። ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠረገና ሦስት ሽማግሌ ይመረጥ አለ፤ ሽማግሌዎቹ ዘፈኑን ይረሙ፤ ጎጂውን ከማይጎዳው ይለዩ።

የተመረጥነው እነሆ። አንደኛ የኔታ፣ ዕድሜያቸውን በቅኔ ቤት የፈጁ፣ ቀጥ ያለ ቃል ሲሰሙ የሚያማቸው። ሁለተኛ እትዬ፣ በጉብዝናዋ ጊዜ ከርብ እስከ ጉማራ ወደር ያልነበራት አልቃሽ፤ እሷ ሙሾ ካላወረደች ሟች እንደሞተ አይቆጠርም ነበር። ሦስተኛ እኔ፤ ችሎታዬ ምን እንደሆነ አልተነገረኝም፤ ምናልባት ማማረር። ጸሐፊ 11ኛ ክፍል የምትማረው የልጅ ልጄ ሆነች፤ ዘፈኑን ከእንቁራሪት ወደ አማርኛ የሚመልስልን ሰው ያስፈልግ ነበርና።

ማረም የሚለውን ቃል የኔታ ገና ሲሰሙት ፈገግ አሉ። ጽሑፍም ይታረማል፣ ማሳም ይታረማል። የፎገራ ገበሬ ደግሞ የሁለተኛውን መከራ ያውቀዋል። ሩዝ ወደ እኛ የገባው በ1970ዎቹ ነው፤ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ይዘውት የመጡ ጊዜ ያኔ የነበሩ ሽማግሌዎች "ይሄ ረግረግ የሚያበቅለው ሣር ነው" ብለው ነበር። ዛሬ የእነሱ የልጅ ልጆች እንጀራቸውን በሩዝ ዱቄት እየደባለቁ ይጋግራሉ፤ ኤክስ ጅግና የሚባለውን ዘር ስሙን ሲጠሩ ዘመዳቸውን የሚጠሩ ይመስላሉ። ታዲያ በዚያ ማሳ ውስጥ የዱር ሩዝ የሚሉት አረም አለ። ዛላ እስኪያወጣ ድረስ ከዘራኸው አይለይም። ጎንበስ ብለህ ስትነቅል ትውላለህ፤ ማታ ቀና ስትል የነቀልከው ሩዙን፣ የተውከው አረሙን ሊሆን ይችላል። ለዚህ ሥራ ነው በ68 ዓመቴ የተመረጥኩት፤ ያውም ወገቤ በማይታጠፍበት ጊዜ።

የልጅ ልጄ ገና መዝገቧን ሳትከፍት ሥራውን ልታስቆመን ነበር። "አባባ፣ ይሄ እኮ ሳንሱር ነው" አለችና ከስልኳ ሕገ መንግሥቱን አነበበችልን። አንቀጽ 29 የቅድሚያ ምርመራን በማንኛውም መልኩ ይከለክላል። የኔታ ደንግጠው መቋሚያቸውን አነሡ፤ ሊሄዱ። "ቆዩ፣ ዝቅ ብሎ ሌላ አለ" አለቻቸው። እዚያው አንቀጽ ውስጥ፣ ንዑስ 6 ላይ፣ የወጣቶችን ደኅንነትና የሰውን ክብር ለመጠበቅ ሲባል በሕግ ገደብ ሊደነገግ ይችላል ይላል። የኔታ ተመልሰው ተቀመጡ። "ሰምና ወርቅ ነው እንዴ የጻፉት?" አሉ።

እኔም ሳንሱር የሚለውን ቃል ስሰማ አላማረኝም። ጥላሁን ገሠሠን ከታህሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ እንዳሰሩት አባቴ ሲያወራ እሰማ ነበር። የቴዲ አፍሮ "ያስተሠርያል" በ1997 ሲወጣ በመንግሥት ጣቢያ አልሰማነውም፤ ወረታ መናኸሪያ ውስጥ ግን ያላጫወተው አውቶቡስ ተሳፋሪ አያገኝም ነበር። እንዲያውም እኔ፣ ዘፈን የማልወደው ሰው፣ ምን ብሎ ይሆን እያልኩ ያለ ጉዳዬ ሁለት ጊዜ ባሕር ዳር ደርሼ ተመልሻለሁ።

ሌላም ሕግ አነበበችልን፤ ልጅቷ ጠበቃ ልትሆን ነው መሰለኝ። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የቢራን ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል። ደግ አደረገ። ግን እንድናርመው በተሰጠን ፍላሽ ላይ ካሉት 11 ዘፈኖች አራቱ ስለ መጠጥ ናቸው፤ አስተዋዋቂው በበር ሲወጣ ዘፋኙ በመስኮት ገብቷል፤ ያውም ሳይከፈለው! በ2013 የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ጣቢያዎች ሕፃናትን እንዲጠብቁ ያዛል፤ ባጃጅ ግን ጣቢያ አይደለም፣ ፈቃዱም የመንገድ ነው። በ2012 የጥላቻ ንግግር አዋጅም አለ፤ በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በጾታ ጥላቻ መስበክ ያስቀጣል። እትዬ ይህን ስትሰማ ነጠላዋን አስተካክላ "ጾታ ካለበትማ የፍላሹ ግማሽ ታሳሪ ነው" አለች።

በእድሩ ዕቃ ቤት፣ በድስቱና በድንኳኑ መካከል፣ ተቀምጠን መስማት ጀመርን። የመጀመሪያው ዘፈን አንድ ጎረምሳ አንዲት ልጅ እመጣለሁ ብላ ቀረችብኝ የሚልበት ነው። እኔ "ይሄ ስንፍና ያስተምራል፤ ልጅ ቀረች ተብሎ ቀን ሙሉ መቆም ምንድን ነው?" አልኩ። የኔታ ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩና "ሰሙ ልጅቷ ናት" አሉ። "ወርቁስ?" "ወርቁ ማዳበሪያ ነው። ዘር ሳይደርስ እመጣለሁ ብሎ ዘር ካለፈ በኋላ የመጣ።" ሁላችንም ዝም አልን። እውነትም ማዳበሪያው ነበር። የልጅ ልጄ "የኔታ፣ ዘፋኙ እኮ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፣ ማዳበሪያ አይቶም አያውቅም" ብትል ማን ይስማት! "ጎጂ አይደለም፤ እንዲያውም ለግብርና ጽሕፈት ቤት ይላክ" ተባለ። ሁለተኛውን ደግሞ የኔታ የነፍስና የሥጋ ክርክር ነው አሉ። ልጅቷ አልቻለችም፣ ከድንኳኑ ጀርባ ሄዳ ስትስቅ ሰማኋት፤ ሁለተኛው ስለ አጭር ቀሚስ ነበር።

ሦስተኛው ላይ እኔ ተነሣሁ። ልጁ ከሴቷ አካል አንድ ቦታ ይዞ አልለቅ አለ፤ ዳሌ፣ ዳሌ፣ ዳሌ! "በእኛ ጊዜ ጥርስ ነበር የሚዘፈነው" አልኩ። "ዓይን ነበር። አንገት ነበር። ለፎገራ ላም እንኳ ይዘፈን ነበር፤ ሩዙ ግጦሹን ወሰደው እንጂ! ቁም ነገር ያላት ሴት..." እትዬ አላስጨረሰችኝም። "አንተ ሰው፣ የገዛ ሠርግህ ላይ ሚዜዎችህ ምን ብለው እንደዘፈኑ ልንገራት?" አለች፤ ወደ ልጅቷ እያየች። አልንገራት አልኩ። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ውሳኔ ሳንሰጥ አለፍን።

በዚህ መካከል ቨርጂኒያ የሚኖረው የእህቴ ልጅ ደወለ። ነገሩን ስነግረው ሳቀና የአሜሪካንን ነገር አጫወተኝ። ቲፐር ጎር የምትባል የሴናተር ሚስት ለልጇ የፕሪንስን ሸክላ ገዝታ ግጥሙን ስትሰማ ደንግጣ ሌሎች የባለሥልጣን ሚስቶችን አሰባስባ ዘመተች አለኝ። በ1978 መስከረም ጉዳዩ ሴኔት ድረስ ደረሰ፤ ዘፋኞቹም ቀርበው ተከራከሩ። በመጨረሻ ሸክላው ላይ "ወላጆች ተጠንቀቁ" የሚል ጥቁርና ነጭ ምልክት መለጠፍ መጣ። "ታዲያ ልጆቹ ተዉ?" አልኩት። "ጋሼ፣ እኔ እዚህ ስመጣ ምልክቱ የሌለበትን ማን ይገዛዋል" አለኝ። ያኔ አሜሪካኖቹ በአንድ በኩል ለእኛ ረሃብ እርዳታ ዘፈን ዘፍነው ገንዘብ ይሰበስቡ ነበር፣ በሌላ በኩል በዘፈን ይከራከሩ ነበር። ሥራ የማይፈታ ሕዝብ ነው።

ሰባተኛው ዘፈን ስለ መሣሪያ ነው። ይህን ሲሰማ የሳቀ የለም። መሐሉ ላይ የተኩስ ድምፅ አስገብተውበታል። በዚህ ዘመን በእኛ አገር ተኩሱ ከዘፈኑ ውስጥ ይሁን ከውጭ ለማወቅ መጀመሪያ ባጃጁን ማስቆም ያስፈልጋል፤ እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ቤት አስገብተው የሚያስተኙበት ጊዜ ነው። የኔታም ወርቅ አልፈለጉለትም። "ጎጂ" አልን በአንድ ቃል። የልጅ ልጄ ግን ብዕሯን ይዛ ቀረች።

"አባባ፣ የእናንተ ፉከራ ከዚህ በምን ይለያል?"

ተናደድኩ! ፉከራን ከባጃጅ ዘፈን ጋር? "ፉከራ የጀግና ነው" አልኳት። ተነሥቼም አሳየኋት። 18 ዓመቴ ሳለ፣ በሠርጉ በድግሱ፣ ዱላ በትከሻዬ ላይ አድርጌ የምለውን፣ ሳላጓድል፣ በእድሩ ድስቶች መካከል እየተንጎራደድኩ አሰማኋት። ድምፄ አልሞተም! ድስቱ ያስተጋባል። የኔታ በመቋሚያቸው መሬቱን እየመቱ ተቀበሉኝ። እኔ ግን መሐል ላይ ዓይኔ መዝገቡ ላይ አረፈ። ልጅቷ ቀና ሳትል ትጽፋለች፦ "ገዳይን ያወድሳል። ያልገደለን ሴት ነው ይላል። ደም ያልመለሰ ልጅ አባቱ እንዳልወለደው ይቆጥራል።" ቃል በቃል ያልኩት ነው። 50 ዓመት ስለው የኖርኩትን ያን ቀን ሰማሁት። ዱላዬን ወደ ቦታው መለስኩ።

ከዚያ በኋላ የተናገረችው እትዬ ናት፤ ማንም አልጠየቃትም። ወጣት ሳለች አንድ የተገደለ ሰው ለቅሶ ላይ ጠሯት። የሟች ታናሽ ወንድም ከጥግ ተቀምጦ ያለቅሳል። እሷ ሙሾውን ስታወርድ ሁለት ስንኝ ለእሱ ጣለችለት፤ ሱሪውን ለእህቱ ይስጣትና ቀሚሷን ይልበስ የሚል። ያማረ ስንኝ ነበር አለች፤ ቤቱ አልቅሶ አወጣላት፤ ገንዘብም ጨመሩላት። ልጁ እንባውን ጠርጎ ወጣ። ሩዙ ሳይታጨድ ገደለ፤ በዓመቱ እሱም ተገደለ። "ለእሱም ለቅሶ ጠሩኝ" አለች። "ሄድሽ?" አላት ሞኙ አፌ። "ሄድኩ እንጂ። ምን ልል ነው ታዲያ?" ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች፤ የልጅ ልጄም ብዕሯን አስቀመጠች።

እኔ ፉከራው ይበቃኝ ነበር። ግን እትዬ ያንን ተናግራ እኔ ልደብቅ? በ1975 የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ሲወጣ የቀበሌያችን ኪነት ቡድን ድምፃዊ ነበርኩ። ካኪ ሸሚዝ ነበረኝ፤ አኮርዲዮን የሚጫወት ልጅም ነበረን። ዘፈናችን ልጆች ወደ ዘመቻ እንዲሄዱ የሚጠራ ነው። ያለ ፈቃድ አንዘፍንም። ግጥሙ ይጻፋል፣ ወደ በላይ ይላካል፣ አንዳንዱ ቃል በቀይ ይሰረዛል፣ "ታርሟል" ተብሎ ማኅተም አርፎበት ይመለሳል። እንዲህ የታረመ ዘፈን ከዚያ በኋላ አላየሁም፤ አንድ የብልግና ቃል የለውም፣ ስለ ዳሌ አይናገር፣ ስለ ጠጅ አይናገር። የጎረቤቴ ልጅ ሁልጊዜ ከፊት ቆሞ ነበር የሚያጨበጭብልኝ። ሄደ። እናቱ እስክትሞት ድረስ በደጄ ስታልፍ "እንደምን አደርክ፣ ዘፋኙ" ትለኝ ነበር፤ ሌላ ምንም አላለችኝም። ከዚያ ወዲህ ባጃጅ ሲዘፍን ምን እንደሚያናድደኝ በትክክል አላውቅም፤ ብቻ ያናድደኛል፣ መናደዴንም አልተውም።

በወሩ መጨረሻ እድሩ ተሰበሰበ። የልጅ ልጄ መዝገቡን አነበበች። ሦስት ዓምድ አለው፦ ጎጂ፣ የማይጎዳ፣ ያልገባን። "ያልገባን" ከሚለው ሥር ሰባት የባጃጅ ዘፈኖች ተሰልፈዋል። "የማይጎዳ" ውስጥ የማዳበሪያው፣ የነፍስና የሥጋው፣ ደግሞ ስለ እናት የተዘፈነ አንድ አለ። "ጎጂ" ውስጥ አራት ናቸው፤ የመሣሪያው ዘፈን፣ የእኔ ፉከራ፣ የእትዬ ሁለት ስንኝ፣ የቀበሌው ኪነት። ሕዝቡ አንገቱን ደፋ። ያ ከኋላ የነበረው ጎረምሳ እጁን አወጣ።

"ውሳኔው በሠፈራችን ጎጂ ዘፈን ያሰማ ሰው በየዘፈኑ 50 ብር ይቀጣል ነው የሚለው። አባባ ሁለቱን በእድሩ ዕቃ ቤት አሰምተዋል።"

ኪነቱን አልዘፈንኩትም፣ ተናገርኩት እንጂ ብዬ ተከራከርኩ። ሊቀመንበሩ፣ አሳድጌው፣ ክርስትና አንሥቼለት፣ "አባቴ፣ ሕጉን ያወጣነው አብረን ነው" አለኝና ደረሰኝ ጻፈልኝ። 100 ብር! የአንድ ኪሎ ሩዝ ዋጋ ስንት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ሕመሜን ይረዳልኛል። እትዬ 50 ብሯን ከመቀነቷ ጫፍ ፈትታ ዝም ብላ ከፈለች። የባጃጅ ነጂዎቹ አንድም ሳንቲም አልወጣባቸውም። ብቻ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላና በለቅሶ ድንኳን አካባቢ ድምፅ ይቀንሱ ተባለ፤ ይህን ለመወሰን ደግሞ ሦስት ሽማግሌና አንድ ወር አያስፈልግም ነበር።

ስወጣ ጉልበቴ አላራምድ አለኝና ባጃጅ ያዝኩ። ያው ጠዋት ጠዋት ወንድሜን የሚያዘነብለው ልጅ ሆኖ ተገኘ። ሰባተኛውን ዘፈን ነው የከፈተው፤ ያንን ተኩስ ያለበትን። ትከሻውን መታ አደረግኩት።

"ልጄ፣ ይሄ ሰው ምን እያለ እንደሚዘፍን ታውቃለህ?"

በመስታወቱ አየኝ፤ ዘፈኑን ቀነሰና ትንሽ አዳመጠ፤ የመጀመሪያው ይመስለኛል።

"እኔ እንጃ አባቴ" አለ። "ግጥሙን ማን ይሰማዋል? ቤዙ ነው እንጂ።"

መልሶ ከፍ አደረገውና ደጄ ላይ ሲያወርደኝ 20 ብር ተቀበለኝ። ወንድሜ አዘንብሎ ጠበቀኝ።